የአጭር ፊልም ፌስቲቫል የመጨረሻ ቀናት፦ ከዳኞች ጉባኤ እስከ ርክክብ

የአጭር ፊልም ፌስቲቫል በተከፈተበት ሰሞን የሚፈጠር ስሕተት በማግስቱ ሊታረም ይችላል። ያልሠራው ማይክሮፎን ይቀየራል፣ የተፋለሰው መርሐ ግብር ተስተካክሎ ይለጠፋል፣ የዘገየው እንግዳ በሌላ ዝግጅት ላይ ተገኝቶ ይናገራል። በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚፈጠር ስሕተት ግን ማረሚያ ቀን የለውም፤ በመዝጊያው ምሽት በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የሆነው ነገር እንደሆነ ይቀራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከመዝጊያው ዋዜማ ጀምሮ አዳራሹ እስኪመለስና የመጨረሻው ክፍያ እስኪፈጸም ድረስ ያለውን ሥራ ለሚመሩ የአነስተኛ ፌስቲቫሎች አዘጋጆች ነው። በየክፍሉ የምመለስበት አንድ ነገር አለ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የተሳሳተው ስም፣ መድረክ ላይ የጠፋው ተሸላሚ፣ በጊዜው ያልተጫነው አሸናፊ ፊልም ሲመረመሩ አብዛኛውን ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ውጤቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ቀናት ዕቅድ ሲወጣ መነሻ የሚሆነው የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት የሚጀምርበት ሰዓት ሳይሆን ዳኞች ቃለ ጉባኤ የሚፈርሙበት ሰዓት ነው።

የውሳኔው ሰዓት

የውድድር ፊልሞች በሙሉ ከመዝጊያው ዋዜማ ቀትር በፊት ታይተው እንዲያልቁ መርሐ ግብሩ ከመጀመሪያው መደልደል አለበት። ዳኞች በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባሉ፤ ምሽት ላይ ውሳኔያቸው ተጽፎ ይፈረማል። በውሳኔውና በሥነ ሥርዓቱ መካከል አንድ ሙሉ ሌሊትና አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይኖራል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የምስክር ወረቀቶች ይታተማሉ፣ ፖስታዎች ይዘጋጃሉ፣ አሸናፊ ፊልሞች በቅደም ተከተል ይሰካሉ፣ የዳኞች መግለጫ ወደሚያስፈልገው ቋንቋ ይተረጎማል፣ ከከተማው ውጭ ላሉ ተሸላሚዎች መልእክት ይደርሳቸዋል።

ብዙ አዘጋጆች የመዝጊያው ዕለት ተመልካች የሚበዛበት በመሆኑ የመጨረሻውን የውድድር ክፍል በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ያስቀምጡታል። ሐሳቡ ከትኬት ሽያጭ አንጻር ትክክል ቢመስልም ዳኞች በአዳራሹ ኮሪደር ላይ ቆመው እንዲወስኑ ማስገደድ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ በዚያ ክፍል የተመደቡት ፊልሞች ዳይሬክተሮች ናቸው፤ ፊልማቸው ሳይብላላ ለፍርድ ይቀርባልና። የመዝጊያው ዕለት ረፋድ ከውድድር ውጭ ለሆኑ ፊልሞች፣ ለተማሪዎች ሥራ፣ ለልጆች በተመረጡ ፊልሞች ወይም ተመልካች በድጋሚ ለጠየቃቸው ክፍሎች ቢሰጥ አዳራሹም አይጎድልበትም።

ዳኞች እንዴት ይወስኑ

የዳኞች ቁጥር ሦስት ወይም አምስት ቢሆን ይመረጣል። ጎዶሎ ቁጥር ድምፅ እኩል ለእኩል እንዳይከፈል ይረዳል፤ ከአምስት በላይ ሲሆኑ ደግሞ ውይይቱ ተራ ወደ መጠበቅ ይለወጣል። ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ዳኛ የሚያውቀው፣ በአንድ ገጽ የተጻፈ ደንብ መኖር አለበት። ደንቡ የትኞቹ ሽልማቶች እንዳሉ፣ አንድ ሽልማት ለሁለት ፊልሞች መከፈል ይቻል እንደሆነ፣ ብቁ ፊልም ከሌለ ሽልማቱን አለመስጠት ይፈቀድ እንደሆነ፣ አንድ ፊልም ከአንድ በላይ ሽልማት ይወስድ እንደሆነ፣ ስንት የልዩ ምስጋና ምርጫ (ሽልማት ሳያገኝ በስም የሚመሰገን ፊልም) እንደሚፈቀድ በግልጽ ያስቀምጣል። እነዚህ ጥያቄዎች ፊልሞቹ ከታወቁ በኋላ ከተነሡ መልሱ ስለ ደንቡ መሆኑ ይቀርና ስለ አንድ የተወሰነ ፊልም ይሆናል። የጥቅም ግጭትም በጽሑፍ ይገለጽ። አንድ ዳኛ በአንዱ ፊልም ላይ ሠርቶ ከሆነ፣ ከፊልሙ ባለቤት ጋር የሥጋ ዝምድና ካለው ወይም ዳይሬክተሩ ተማሪው ከነበረ ስለዚያ ፊልም በሚደረገው ውይይት ላይ አይናገርም፣ ድምፅም አይሰጥም፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ይመዘገባል። የፊልም ሥራ ዓለም ጠባብ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሰው ሁሉንም ስለሚያውቅ ደንቡ ትውውቅን ሳይሆን ጥቅምን ወይም ዝምድናን እንደሚመለከት ቢብራራ ዳኞችን ከማያስፈልግ መሸማቀቅ ያድናል።

የጉባኤው ክፍል ጸጥ ያለ፣ የተዘጋና ማንም ገብቶ ሰላም የማይልበት ይሁን። የሁሉም ፊልሞች ዝርዝር ከአንድ ምስልና ከፊልሙ ርዝመት ጋር በወረቀት ታትሞ በየወንበሩ ፊት ይቀመጥ። በአራት ቀናት ውስጥ ሠላሳና አርባ አጭር ፊልም ያየ ሰው ርዕሱን ብቻ አንብቦ የትኛው እንደነበር አያስታውስም፤ አንዲት ምስል ግን ወዲያው ትመልሰዋለች። አንድ ፊልም በድጋሚ ማየት ቢያስፈልግ የሚታይበት ስክሪን በክፍሉ ውስጥ ይኑር። ከፌስቲቫሉ ወገን አንድ ሰው ብቻ በጸሐፊነት ይገኛል፤ ይህ ሰው ድምፅ የለውም፣ አስተያየት አይሰጥም፣ ሥራው ደንቡ ሲጠየቅ ማንበብና ውሳኔውን መመዝገብ ነው። የፌስቲቫሉ ዳይሬክተር ራሱ ጸሐፊ ባይሆን እመርጣለሁ። ምንም ሳይናገር እንኳ ፊቱ ስለሚነበብ ነው።

ስለ አወሳሰኑ ዘዴ አዘጋጆች በብዛት የሚመርጡት እያንዳንዱ ዳኛ ለእያንዳንዱ ፊልም ከአሥር ነጥብ እንዲሰጥና ድምሩ አሸናፊውን እንዲለይ ማድረግን ነው። ቀላልና ፍትሐዊ ቢመስልም ዘዴው ማንም ያልጠላውን ፊልም እንጂ የተወደደውን አይመርጥም። ሦስት ዳኞች ለአንድ ፊልም 9፣ 9 እና 4 ቢሰጡ ድምሩ 22 ነው፤ ለሌላው 7፣ 8 እና 8 ቢሰጡ 23 ይሆናል። ሁለት ሰዎች ከልባቸው የቆሙለት ፊልም ሦስቱም ደኅና ነው ባሉት ተበለጠ ማለት ነው። አጭር ፊልም ደግሞ በባሕርይው ድፍረት የሚሞከርበት ዘርፍ ስለሆነ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። የተሻለው መንገድ በነጥብ ሳይሆን በውይይት መሄድ ነው። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ዳኛ ሊሟገትላቸው የሚፈልጋቸውን አራት ወይም አምስት ፊልሞች ብቻ በወረቀት ጽፎ ለጸሐፊው ይሰጣል፤ ጽሑፉ ከንግግር መቅደሙ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ዳኛ ሌሎቹን እንዳይጎትት ይረዳል። ከዚያ ጸሐፊው ዝርዝሩን ያነባል፤ ማንም ያልጠራው ፊልም ከውይይት ይወጣል። የቀሩት አንድ በአንድ ይታያሉ፣ መጀመሪያ የሚናገረውም የሚሟገትለት ሰው ነው እንጂ የሚቃወመው አይደለም። በመጨረሻ ስምምነት ካልተደረሰ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል። ከትንሹ ሽልማት ወደ ትልቁ መሄድ የተለመደ ቢሆንም እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ፤ ታላቁ ሽልማት አስቀድሞ ሲወሰን ሌሎቹ ዘርፎች ማካካሻ ከመሆን ይድናሉ።

ዳኞች ከክፍሉ ሳይወጡ ሁለት ነገር ይጨርሳሉ። አንደኛው የየሽልማቱ ምክንያት ነው። ለእያንዳንዱ አሸናፊ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ለሌላ ፊልም ሊሰጥ የማይችል፣ ከዚያው ፊልም ውስጥ የተወሰደ ነገር የሚጠቅስ መሆን አለበት። «ለላቀ የፈጠራ ብቃቱ» የሚል ምክንያት ለማንም ይሆናል። «የእናትየዋን ፊት ሳያሳይ በእጆቿ ብቻ ታሪኩን ስለነገረን» የሚል ግን ለአንድ ፊልም ብቻ ነው። አብዛኞቹ አጫጭር ፊልሞች በሲኒማ ቤት በመደበኛነት የመታየት ዕድል ስለሌላቸው ዳይሬክተሩ ለሚቀጥለው ሥራው ድጋፍ ሲጠይቅ ከማመልከቻው ጋር የሚያያይዘው ይህን ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው የተፈረመው ቃለ ጉባኤ ሲሆን የፊልሙ ርዕስ፣ የዳይሬክተሩ ስም፣ የተሠራበት አገርና የሽልማቱ ሙሉ ስያሜ ከማመልከቻ ቅጹ ላይ ተገልብጠው ይጻፋሉ እንጂ ከትውስታ አይጻፉም። ፌስቲቫሉ ለኦስካር የአጭር ፊልም ዘርፍ ብቁ ከሚያደርጉት መካከል ከሆነ የሽልማቱ ስያሜ ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ብቁ የሚያደርጉት ሽልማቶች በስማቸው ተለይተው የተመዘገቡ ናቸውና የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ስያሜ ከተመዘገበው ጋር አንድ መሆን ይገባዋል።

የተመልካች ድምፅ

የተመልካቾች ሽልማት ሲቆጠር በጣም የተለመደው ስሕተት ድምር መውሰድ ነው። አንድ ፊልም በትልቁ አዳራሽ ታይቶ 180 ሰው በአማካይ ከአምስት 4.1 ቢሰጠው ድምሩ 738 ይሆናል፤ ሌላው በትንሹ አዳራሽ ታይቶ 35 ሰው በአማካይ 4.6 ቢሰጠው ድምሩ 161 ነው። በድምር የመጀመሪያው በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል፤ ሆኖም ያሸነፈው ፊልሙ ሳይሆን አዳራሹ ነው። ስለዚህ የሚወዳደረው አማካዩ ነው፤ አማካዩ ደግሞ ትርጉም እንዲኖረው አነስተኛ የድምፅ ቁጥር አስቀድሞ ይወሰናል፣ ከዚያ በታች ያገኘ ፊልም አይቆጠርም። በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ፊልም ተከታትሎ በሚታይበት ፌስቲቫል ተመልካቹ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ከተጠየቀ በመጨረሻ የታየው ፊልም ያለ ሥራው ይጠቀማል። ለሁሉም ነጥብ የሚሰጥበት አንድ ወረቀት፣ የፊልሞቹ ርዕሶች በታዩበት ቅደም ተከተል የተጻፉበት፣ ከመግቢያው ላይ ከእርሳስ ጋር ቢታደል ይሻላል።

ድምፁ በየምሽቱ ይቆጠር፤ ለመጨረሻው ቀን አይከማች። ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ ውጤቱ በአንድ ወረቀት ተመዝግቦ ሁለቱም ይፈርሙበታል፣ የድምፅ ወረቀቶቹም ታሽገው ይቀመጣሉ። አንድ ዳይሬክተር ወዳጆቹን በብዛት ይዞ መምጣቱ አይከለከልም፤ ለፌስቲቫሉም ገቢ ነው። መከልከል ያለበት አንድ ሰው ብዙ ወረቀት መሙላቱ ነው፤ ለዚህም ከትኬቱ ጋር አንድ ለአንድ የሚሰጥ ወረቀት በቂ መከላከያ ነው።

የአሸናፊ ፊልሞች ዕይታ

የመዝጊያ ምሽት ትልቁ የቴክኒክ ፈተና ምን እንደሚታይ ሳይታወቅ መዘጋጀት ነው። መፍትሔው የውድድር ፊልሞችን ሁሉ እንደሚያሸንፉ ቆጥሮ መያዝ ነው። ለፕሮጀክተር ባለሙያው ሊነገረው የሚገባ የመጀመሪያው ነገር የታዩ የውድድር ፊልሞችን መዝጊያው ሳያልፍ ከሰርቨሩ፣ ማለትም ፊልሞቹ ተጭነው ከሚታዩበት መሣሪያ፣ እንዳያጠፋ ነው። ይህ ካልተነገረው ለማግስቱ ቦታ ለማስለቀቅ ማጥፋቱ አይቀርም፤ ጥፋቱም የእርሱ አይሆንም። ሲኒማ ቤቶች በሚጠቀሙበት፣ ዲሲፒ በሚባለው የዲጂታል ፊልም ቅርጽ የምስሉ ከፍተኛ ፍሰት በሰከንድ 250 ሜጋቢት ስለሆነ የ15 ደቂቃ ፊልም እስከ 28 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ አምስት ፊልም እንደገና መጫን ተመልካች በር ላይ ቆሞ ሳለ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ፊልሙ በቁልፍ የተዘጋ ከሆነ ሁለት ነገር ይጣራል። ኬዲኤም የሚባለው ቁልፍ የሚሠራው ለተወሰነ ሰርቨርና ለተወሰነ ጊዜ ነው። የውድድሩ ዕይታ በአንድ አዳራሽ፣ መዝጊያው በሌላ አዳራሽ ከሆነ የመጀመሪያው ቁልፍ በሁለተኛው አዳራሽ አይከፍትም፤ በአንድ አዳራሽ ቢሆንም ቀኑ ካለፈበት አይከፍትም። ስለዚህ ቁልፉ ከመጀመሪያው ሲጠየቅ ለሁለቱም አዳራሾችና ከመዝጊያው በኋላ ላለው አንድ ቀን ጭምር እንዲሆን ይጠየቅ። አጭር ፊልም ግን ያለ ቁልፍ ቢላክ ለሁሉም ይቀላል፤ በመወዳደሪያ ደንቡ ላይ ይህን መጠየቅ ምንም ነውር የለበትም። በዚያው ደንብ ላይ ያሸነፈ ፊልም በመዝጊያው በድጋሚ እንዲታይ ባለቤቱ አስቀድሞ መፍቀዱም ይካተት።

በመዝጊያው ዕለት ቀትር ላይ እያንዳንዱ አሸናፊ ፊልም በዚያው አዳራሽ ይሞከራል። ሙሉውን ማየት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ደቂቃ፣ መሐል ላይ ንግግር ያለበት አንድ ትዕይንትና የመጨረሻው ደቂቃ ይበቃሉ። በመጀመሪያው ደቂቃ የምስሉ ቅርጽ ይታያል፤ 2ኬ በሚባለው የምስል ጥራት የተሠራ ፊልም በፍላት (ጠበብ ባለው ቅርጽ) 1998 በ1080 ነጥብ፣ በስኮፕ (ሰፊና ዝቅ ባለው ቅርጽ) ደግሞ 2048 በ858 ነጥብ ስለሆነ ባለሙያው ሌንሱን ወይም መጋረጃውን በፊልሞቹ መካከል መቀየር ይኖርበት እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። መሐል ላይ የድምፁ ከፍታና የግርጌ ጽሑፉ ይፈተሻሉ። የሲኒማ ድምፅ መሣሪያ መነሻ ልክ 7 ቁጥር ቢሆንም በየቤቱ የተቀላቀለ የአጭር ፊልም ድምፅ አንዱ ሲጮኽ ሌላው አይሰማም፤ ለእያንዳንዱ ፊልም የተገኘው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከመሣሪያው ጎን ይለጠፍ። የመጨረሻው ደቂቃ የሚታየው የምስጋና ዝርዝሩ ምን ያህል እንደሚረዝምና መብራት መቼ እንደሚበራ ለመወሰን ነው። ስሞቹ ገና እየወጡ መብራት ማብራት በሥራው ላይ የደከሙትን ሰዎች አለማክበር ነው፤ አብዛኞቹም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

አዳራሹ የዲሲፒ መሣሪያ ከሌለውና ፊልሞቹ ከላፕቶፕ የሚታዩ ከሆነ ላፕቶፑ ከኢንተርኔት ይላቀቅ፣ ማሳሰቢያዎች ይጥፉ፣ ማንቀላፊያው ይዘጋ፣ ራሱን በራሱ የሚያድስበት ሥርዓት ይቁም፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ሁሉም ፊልም በአንድ ማጫወቻ ላይ በቅደም ተከተል ተሰክቶ፣ በመካከላቸው አምስት ሰከንድ ጥቁር ምስል ገብቶ ቢዘጋጅ የፋይሎቹ ስም ስክሪኑ ላይ አይታይም። ተመሳሳይ ዝግጅት ያለው ሁለተኛ ላፕቶፕ አጠገቡ ይቀመጥ።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የኦስካር ደንብ አጭር ፊልም የሚለው የምስጋና ዝርዝሩን ጨምሮ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠውን ነው፤ ይህን ልክ የሚከተል ፌስቲቫል ሁለት ረጃጅም ፊልሞች ቢያሸንፉበት የመዝጊያው ምሽት በእነዚያ ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ለፊልም የተመደበው ጊዜ፣ ለምሳሌ 50 ደቂቃ፣ አስቀድሞ ይወሰንና ታላቁን ሽልማት ያገኘው ይቅደም፤ ሌላው በቀረው ጊዜ መጠን ይታይ። ቅንጭብ እያሳዩ ሁሉንም ማዳረስ ግን አልመክርም። የአሥር ደቂቃ ፊልም አንድ ደቂቃው ተቆርጦ ሲታይ ፊልሙን ላላየው ምንም አይነግረውም፤ ላየውም ያበላሽበታል። ሁለት ፊልሞችን ሙሉ በሙሉ አሳይቶ የቀሩትን በማግስቱ በአንድ ክፍል ማሳየት የተሻለ አማራጭ ነው።

በመድረኩ ላይ

ሽልማት የሚሰጥበት ክፍል ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም። የእንግዶችና የስፖንሰሮች ንግግር ከሽልማቱ በፊት ይለቅ፤ ውጤት የሚጠብቅ አዳራሽ በሽልማቶች መካከል የሚደረግ ንግግር አይሰማም። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ እንደተመደበለት በጽሑፍ ይነገረው፣ የመድረክ መሪውም እንዲያቋርጥ ሥልጣን እንዳለው ሁሉም ይወቅ።

የፖስታው አያያዝ ቀላል ቢመስልም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 በኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ የሆነው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው አሳይቷል። ለምርጥ ፊልም አቅራቢዎች የተሰጣቸው የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ተለዋጭ ፖስታ ነበር፤ በዚህም የተሳሳተ ፊልም አሸናፊ ተብሎ ባለቤቶቹ መድረክ ላይ ወጥተው ምስጋና ማቅረብ ከጀመሩ በኋላ ነው ስሕተቱ የታረመው። ተለዋጭ ቅጂ መያዙ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ አንዱ ሲከፈት ተለዋጩ ከሥራ አለመውጣቱ ነው። በአነስተኛ ፌስቲቫል አንድ ፖስታ ለአንድ ሽልማት ይበቃል፤ የሽልማቱ ስም በፖስታው ላይ በመብራት እጥረት እንኳ በሚነበብ ትልቅ ፊደል ይጻፍ፤ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይም የሽልማቱ ስም ከላይ፣ የፊልሙ ርዕስ ከሥር፣ የዳይሬክተሩ ስም ቀጥሎ ይታተም። ተለዋጭ የሚሆነው በመድረኩ ጎን በቆመው የሥነ ሥርዓቱ አስተባባሪ እጅ ያለው የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። የተሳሳተ ስም ከተነበበ ይህ ሰው ሳይጠራ ወጥቶ ወዲያው እንዲያርም ሥልጣን ይሰጠው።

ስሞች በትክክል መጠራት አለባቸው። የመድረክ መሪው በመጨረሻው ሰዓት ስም ይዞ ሲንተባተብ ከማየት ይልቅ ፌስቲቫሉ በተጀመረበት ሰሞን እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ዳይሬክተር ስሙንና የፊልሙን ርዕስ በስልክ ድምፅ ቀርጾ እንዲልክ መጠየቅ ይቀላል። ሁሉም ስለሚጠየቅ ማን እንዳሸነፈ የሚጠቁም ነገር አይኖርም።

በቦታው የሌለ አሸናፊ ጉዳይ ምርጫ ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ከከተማው ውጭ ላለ አሸናፊ በመዝጊያው ዕለት ጠዋት በስልክ ተነግሮት ምስጢር እንዲጠብቅና ከአርባ ሰከንድ ያልበለጠ የቪዲዮ መልእክት እንዲልክ ቢጠየቅ ይሻላል። በከተማው ያለ አሸናፊ ግን አይነገረው፤ ይልቁንም በሥነ ሥርዓቱ ላይ መገኘቱ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች በተላከ ተመሳሳይ ጥሪ ይረጋገጥ። ተወዳዳሪዎች በሙሉ ከመተላለፊያው አጠገብ ይቀመጡ፤ ከረድፍ መሐል የሚወጣ ተሸላሚ የሰው ጉልበት እየተሻገረ ሲመጣ ጭብጨባው ያልቃል። ተሸላሚ የሚናገርበት ማይክሮፎን በመቆሚያ ላይ የተተከለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ እጁ ዋንጫ፣ አንድ እጁ የምስክር ወረቀት ይዟልና።

ሁሉም ተወዳዳሪዎች በአንድነት የሚነሡት ፎቶግራፍ ከሽልማቱ በፊት ይነሣ። ከሽልማቱ በኋላ ሲሆን ያላሸነፉት ቀስ ብለው ከአዳራሹ ይወጣሉ፤ ፎቶውም የፌስቲቫሉ ሳይሆን የአሸናፊዎች ፎቶ ይሆናል። ላላሸነፉት ማሰብ በዚህ ብቻ አያበቃም። በመዝጊያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዳኞች ከተወዳዳሪዎች ጋር ያለ ተመልካች አንድ ሰዓት ተቀምጠው ስለ ሥራዎቹ ቢነጋገሩ ብዙዎች ከዋንጫው በላይ ያስታውሱታል። በውይይቱ ላይ ውጤት አይነሣም፣ ፊልሞችም አይወዳደሩም፤ አንድ ዳይሬክተር ስለ ፊልሙ ጠይቆ ካየለት ሰው መልስ ያገኛል። ነጥብ ተሰጥቶ ከነበረም ለተወዳዳሪ አይላክ፤ ያለ ምክንያት የቀረበ ቁጥር ከማስቀየም በቀር የሚሠራው የለም።

ከመዝጊያው ማግስት

የውጤቱ መግለጫ በዚያው ምሽት ይወጣል፤ በዋዜማው ተዘጋጅቶ የተፈተሸ ስለሆነ ጊዜ አይወስድም። በመግለጫው ውስጥ የዳኞች ምክንያት ሳይቆረጥ ይካተት፣ የምስልና የድምፅ ባለሙያዎች ስምም ለተሸለሙበት ዘርፍ ይጠቀስ። ማመልከቻው ፊልም ለፌስቲቫሎች በሚቀርብበት ድረ ገጽ በፊልምፍሪዌይ በኩል የመጣ ከሆነ የእያንዳንዱ ፊልም የውጤት መደብ እዚያው ይስተካከል፤ ፊልም ሠሪዎች በፖስተራቸው ላይ የሚያስቀምጡት የዘንባባ ምልክትም ከትክክለኛው የሽልማት ስያሜና ዓመት ጋር ይላክላቸው። ካልተላከላቸው ራሳቸው ይሠሩታል፤ በዚያም ላይ የልዩ ምስጋና ምርጫ «አሸናፊ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

አዳራሹን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ከተለጠፈው ባነር እስከ ወለሉ ላይ ያለው የሽቦ መሸፈኛ ፕላስተር ድረስ በዚያው ሌሊት ይነሣ፣ ከአዳራሹ ተወካይ ጋር እየዞሩ የነበረና የተበላሸ ነገር ይመዝገብ፣ ሁለቱም ይፈርሙ።

ፋይሎቹ ግን ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይሻሉ። ፊልሙ የተሰጠው ለፌስቲቫሉ ዕይታ ብቻ ስለሆነ ፌስቲቫሉ ሲያበቃ ፈቃዱም ያበቃል። ከሰርቨሩ፣ ከሁለቱም ላፕቶፖች፣ ዳኞችና ፊልሞቹን ለውድድር የመረጡት ሰዎች ካወረዱበት መሣሪያ ሁሉ ይጥፋ፤ በይለፍ ቃል የተከፈቱ ማስፈንጠሪያዎችም ይዘጉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመራጮች ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው በግል ኮምፒውተሩ ያስቀረው ቅጂ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው በጽሑፍ ተጠይቆ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ መልስ ይያዝ። ፌስቲቫሉ ማኅደር ሊያደራጅ ከፈለገ ለዚያ የተለየ የጽሑፍ ፈቃድ ከባለቤቱ ያስፈልገዋል። በአካል የመጡ ሃርድ ዲስኮች ሲደርሱ በተመዘገቡበት ዝርዝር መሠረት ይመለሳሉ፤ ተረካቢው ይፈርማል፣ በፖስታ ቤት የተላከ ከሆነ የመላኪያ ቁጥሩ ለባለቤቱ ይነገረዋል።

የግምገማው ስብሰባ በመዝጊያው ሌሊት አይደረግ፣ ከሳምንት በላይም አይዘግይ። ድካም ያለበት ሌሊት ሁሉን ወይ ያገንናል ወይ ያጣጥላል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ዝርዝሩ ይጠፋል። በስብሰባው ላይ የተሸጠው ትኬት ቁጥርና በወንበር የተቀመጠው ሰው ቁጥር ለየብቻ ይቅረቡ፤ በነፃ የገቡ እንግዶች፣ ትኬት ገዝተው የቀሩ ሰዎችና በየክፍሉ መሐል የወጡ ተመልካቾች በአንድ ቁጥር ሲጠቃለሉ ለስፖንሰር የሚቀርበው ሪፖርት ያማረ ይሆናል እንጂ ለሚቀጥለው መርሐ ግብር አይረዳም። በጎ ፈቃደኞችም በስብሰባው ላይ ይገኙ፤ በር ላይ ቆመው የተመልካቹን ቅሬታ በጆሯቸው የሰሙት እነርሱ ናቸውና። ለእያንዳንዳቸው የሠሩትን የሚዘረዝር ደብዳቤ በስማቸው ይሰጣቸው።

የሽልማት ገንዘብ መቼ እንደሚከፈል ቀኑ በመወዳደሪያ ደንቡ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሠላሳ ቀን ምክንያታዊ ነው። ተሸላሚው ከመድረክ እንደወረደ የሚሞላው የባንክ መረጃ ቅጽ በዚያው ምሽት ቢሰጠው የሳምንታት የደብዳቤ ምልልስ ይቀራል። ከሽልማቱ ላይ የሚቀነስ ግብር ወይም የባንክ ማስተላለፊያ ወጪ ካለ ማን እንደሚሸፍነው በቅጹ ላይ በግልጽ ይነገር፤ ፊልሙ ሁለት ዳይሬክተሮች ካሉት ወይም ፕሮዲውሰሩ ሌላ ከሆነ ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ የሚወሰነው በፌስቲቫሉ ግምት ሳይሆን ሁሉም በፈረሙበት ጽሑፍ ነው። ስፖንሰሩ ገንዘቡን አዘግይቶ ከሆነም ለተሸላሚው ቀኑ ሳያልፍ ይጻፍለት፣ አዲሱ ቀንም ይነገረው፤ ክፍያው ሲፈጸም ደረሰኙ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ይቀመጣል።